ደም ሳይሰጥ ሲቀር፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለ ደምና ስለ ፈሳሽ እንዴት ይወሰናል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ካሉ ሆስፒታሎች ወደ ኢትዮጵያ በሚደወሉ ስልኮች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። እኅታቸው ወይም ልጃቸው በጽኑ ሕሙማን መታከሚያ ክፍል የተኛችባቸው ቤተሰቦች የደሟ መጠን መውረዱን ይሰሙና «ታዲያ ደም ለምን አልተሰጣትም?» ይላሉ። ጥያቄው ከጭንቀት የመነጨ ነው፤ ከጀርባው ግን ብዙውን ጊዜ በግልጽ የማይነገር ጥርጣሬ አለ። የሰው አገር ሰው ስለ ሆነች፣ ገንዘብ ስለሌላት ወይም ከአልጋዋ አጠገብ የሚቆም ዘመድ ስለ ታጣ ተነፍጓት ይሆን?

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ደም የሚገኘው ቤተሰብ ምትክ ሲሰጥ ነበር፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ሳይቀር ወደ ደም ባንክ ይሄድ ነበር። ለታመመ ሰው ደም መስጠት የፍቅር መግለጫ፣ ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ከረጢትም ሕክምናው እየተካሄደ ለመሆኑ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ከረጢቱ በማይታይበት ጊዜ ሕመምተኛው የተተወ ይመስላል። ሆኖም ካለፈው ምእተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ያሳዩት ነገር ከዚህ የተለየ ነው፦ ለብዙ ጽኑ ሕሙማን ደምን ማቆየት፣ ፈሳሽንም መመጠን፣ ታስቦበት የሚወሰን ሕክምና ነው እንጂ ንፍገት አይደለም። እንዲህ ያለው ውሳኔ በምን ላይ እንደሚመሠረት ማወቅ ደግሞ ቤተሰብ ለሐኪሙ ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲያቀርብ ይረዳዋል።

ሐኪሞች «የደም መጠን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት ሄሞግሎቢንን ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገኝና ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ሌላው አካል የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአዋቂ ወንድ ከ13፣ ላላረገዘች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደም ማነስ ይለዋል። አንድ ከረጢት ቀይ የደም ሕዋስ የአዋቂን ሰው ሄሞግሎቢን በግምት በ1 ግራም ከፍ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት የሚደርሰው የኦክስጅን መጠን በሄሞግሎቢን ብቻ አይወሰንም። ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም ትገፋለች፣ ሳንባስ ምን ያህል ኦክስጅን ያቀብላል የሚሉትም እኩል ይቆጠራሉ። ደም ሲያንስ ጤናማ ልብ አመታቷን ታፈጥናለች፤ ሕዋሳትም ከሚያልፋቸው ደም ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይወስዳሉ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ተራሮች የተገኘ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ተገቢ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የአየሩን መሳሳት የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን በእጅጉ ከፍ በማድረግ ነው። የሰሜን ነዋሪዎች ግን አማካይ መጠናቸው ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እምብዛም የሚለይ አይደለም። የሰው አካል የኦክስጅን እጥረትን የሚቋቋምበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሐኪሞች የሚከተሉት ልማድ ቀላል ነበር፦ ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ከወረደ ደም ይሰጥ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሁለት ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና በሰጡት ምክር የተጀመረ ሲሆን፣ በጥናት ሳይፈተን እንደ ሕግ ተወርሶ ኖረ። የተፈተነው በካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነው ጥናት 838 ጽኑ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ሄሞግሎቢናቸው ከ10 በታች ሲወርድ፣ ሁለተኛዎቹ ግን ከ7 በታች እስኪወርድ ተጠብቆ ደም ተሰጣቸው። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት፣ በብዛት ደም ከተሰጣቸው 23.3 ከመቶ፣ ከተጠበቀላቸው ደግሞ 18.7 ከመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ተብሎ በጥንቃቄ ቢታይም፣ መጠበቁ ጉዳት አለማድረሱ ግልጽ ሆነ። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች በሆኑት ዘንድ ልዩነቱ የጎላ ነበር፤ 13.0 ከመቶ በአንድ ወገን፣ 5.7 ከመቶ በሌላው። በባሕረ ሰላጤው የሚሠራው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው በዚህ ዕድሜ ክልል ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ይህንኑ አጠናከሩ። በባርሴሎና 921 የጨጓራና የላይኛው አንጀት ደም መፍሰስ ያለባቸው ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት፣ እስከ 7 ከተጠበቀላቸው 95 ከመቶ፣ በ9 ከተሰጣቸው ደግሞ 91 ከመቶ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሕይወት መገኘታቸውን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በስካንዲኔቪያ አገሮች ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው ገብቶ የደም ግፊታቸው በወደቀ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት በሁለቱ መንገዶች መካከል በሞት መጠን ልዩነት አላገኘም፤ በመጠበቁ ግን ብዙ ደም ተቆጠበ።

ደም ሕይወት ሆኖ ሳለ እንዴት ሊጎዳ ይችላል? ቤተሰብ አስቀድሞ የሚፈራው በደም የሚተላለፍ በሽታን ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ከረጢት ስለሚመረመር ይህ አደጋ በእጅጉ ቀንሷል። ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። ደም ራሱ ፈሳሽ በመሆኑ፣ የደከመች ልብ ልትገፋው ከምትችለው በላይ ሲሆን ወደ ሳንባ ይሰርጋል፤ በለጋሹ ደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ንጥረ ነገሮች አልፎ አልፎ በተቀባዩ ሳንባ ላይ ብርቱ ቁጣ ይቀሰቅሳሉ። ጉበቱ በታመመና ደም በሚያስታውክ ሰው ዘንድ ደግሞ ብዙ ደም መስጠት ባበጡት የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ጨምሮ የቆመውን መድማት እንደገና ሊያስነሣ ይችላል። የባርሴሎናው ውጤት በከፊል የሚብራራው በዚህ ነው።

ይሁንና 7 ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአብዛኛው የተረጋጋ አዋቂ ታካሚ 7ን ሲመክር፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት 7.5፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ወይም ቀድሞ የልብ ሕመም ላለበት 8 መጠቀም እንደሚቻል ይገልጻል። በዚያው ዓመት 3,504 ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸውንና ደም ያነሳቸውን ሰዎች ያካተተ ጥናት ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ በ30 ቀን የሞቱት ወይም ልባቸው ዳግም የተጎዳው፣ ከተጠበቀላቸው 16.9 ከመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው ከ10 በላይ እንዲሆን ከተደረገላቸው 14.5 ከመቶ ነበሩ። ማስረጃው የማያወላዳ ባይባልም ሚዛኑ ወደ መስጠት አዘነበለ። አንጎላቸው በአደጋ ወይም በደም መፍሰስ በተጎዳ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ጥናትም ደም ቀደም ብሎ መስጠት የተሻለ ውጤት እንዳለው አመልክቷል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሕሙማን ሄሞግሎቢናቸው እኩል 7.8 ሆኖ፣ አንዱ ደም ሲሰጠው ሌላው ላይሰጠው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው እየደማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከሕንፃ የወደቀ ሠራተኛ፣ በመኪና አደጋ ዳሌው የተሰበረ ሰው፣ ከወሊድ በኋላ ደሟ ያልቆመ እናት፣ ለእነዚህ ቁጥር እስኪወርድ መጠበቅ ሞትን መጠበቅ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሰው ሙሉ ደም ሲፈሰው ቀዩም ውኃውም አብሮ ስለሚወጣ፣ በውስጡ የቀረው ደም ቅልቅሉ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሁለት ሊትር የፈሰሰው ሰው ሄሞግሎቢን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የቆዳውን መገርጣትና መቀዝቀዝ፣ የአእምሮውን መደናገር ነው። ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት በተመጣጠነ መጠን በአንድነት ይሰጣሉ፤ የደም ዓይነቱ እስኪታወቅ ድረስም ኦ ደም ይጀመራል። ከዚህ ጋር የሚሰጥ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ ርካሽ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውና በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ የአደጋ ተጎጂዎችን ያካተተው ጥናት መድኃኒቱ ሞትን ከ16.0 ወደ 14.5 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶችም በ2017 ተመሳሳይ ጥቅም ተረጋግጧል። ሁለቱም ጥናቶች ያስተማሩት አንድ ቁም ነገር አለ፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ከመድማቱ ጀምሮ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ የደማ ሰው በቤት ውስጥ፣ በአሠሪ ፈቃድ ጥበቃ ወይም «ነገ እናያለን» በሚል ሊቆይ አይገባም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የአምቡላንስ ቁጥር 998፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997 ነው።

ዘመዶች በተደጋጋሚ «ከእኛ ውሰዱና ስጡት፤ ትኩስ ደም ይሻለዋል» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ሁለት ስሕተት አለበት። ቀይ የደም ሕዋስ በቀዝቃዛ ማከማቻ እስከ 42 ቀን ይቆያል፤ ትኩሱ ደም ከቆየው ይሻል እንደ ሆነ የፈተኑ ትልልቅ ጥናቶች በሞት መጠን ልዩነት አላገኙም። ሁለተኛው የከፋ ነው። የወንድም፣ የእናት ወይም የልጅ ደም ከተቀባዩ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ በደሙ ውስጥ ያሉት የለጋሹ ነጭ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ሳይታወቁ ይቀሩና የተቀባዩን አካል ሊያጠቁ ይችላሉ። ይህ እምብዛም የማይደርስ፣ ከደረሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል ችግር ስለ ሆነ የቅርብ ዘመድ ደም በጨረር ካልታከመ በቀር አይሰጥም። ቤተሰብ በልገሳው ይበርታ፤ ከረጢቱ ግን ወደማያውቀው ሰው ቢሄድ ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ታላሴሚያና ማጭድ መሰል የቀይ ሕዋስ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ደም ስለሚወስዱ ፈላጊው ሁልጊዜ አለ። በቅርቡ ከወባማ አካባቢ የተመለሰ ሰው ለጊዜው እንዳይለግስ ሊነገረው እንደሚችል ግን ይወቅ። ይህ ለተቀባዩ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ የሚያስከፋ ነገር የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው አደጋ ግን ከደሙ ሳይሆን ከስሙ ይመጣል። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይተው ካሳወቁ ወዲህ፣ ያልተስማማ ደም ጥቂት ሚሊሊትር እንኳ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ይታወቃል። ነርሷ ከረጢቱን ከመስቀሏ በፊት ስምና የትውልድ ቀን ደጋግማ የምትጠይቀው፣ የእጅ አንባሩን ከከረጢቱ ጋር የምታመሳክረው ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሰነድ የሌላቸው ወይም የጤና መድን የሌላቸው አንዳንድ ወገኖቻችን በጓደኛ ካርድ ለመታከም ይሞክራሉ። የካርዱ ባለቤት የደም ዓይነት በሆስፒታሉ መዝገብ ሰፍሮ ከሆነ፣ በዚያ ስም የተኛችው ሌላ ሴት የማይስማማት ደም ሊታዘዝላት ይችላል፤ ዛሬ የተመዘገበው የእርሷ ዓይነትም ነገ የካርዱን ባለቤት ያሰጋል። የጓደኛን ካርድ መያዝ ደግነት ቢመስልም ሁለት ሰው ለሞት የሚያጋልጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ከሆነ፣ ደም ከመሰቀሉ በፊት ለነርስ መናገር ያስፈልጋል።

ደሙ መውረድ ከጀመረ በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ሕመምተኛው በቅርብ ይታያል። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የወገብ ወይም የደረት ሕመም፣ ማሳከክ፣ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወዲያው መናገር ይገባል። ዓረብኛ ለማይችል ሰው ሦስት ቃላት ይበቃሉ፦ «ረዕሻ» መንቀጥቀጥ፣ «ወጀዕ ዘህር» የጀርባ ሕመም፣ «ዲቅ ነፈስ» የትንፋሽ ማጠር።

ከደም ወደ ፈሳሽ ስንሻገር የሚጠብቀን የቋንቋ ችግር ነው። አማርኛ ተናጋሪ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል። በሳዑዲ የሚነገረው ዓረብኛ ደግሞ «ሙገዚ»፣ ማለትም መጋቢ፣ የሚመግብ ይለዋል። ሁለቱም ስሞች ያሳስታሉ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በብዛት የሚሰጠው ስኳር የሌለበት የጨው ውኃ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከሚመክረው 5 ግራም ጋር ቢነጻጸር ብዙ ነው። እውነተኛው ባለ 5 ከመቶ ግሉኮስ ቢሆን እንኳ በሊትር 50 ግራም ስኳር ብቻ ስላለው ከ200 ኪሎ ካሎሪ የማይበልጥ ኃይል ይሰጣል። ምግብን አይተካም። «ደክሞኛል፣ አንድ ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ብሎ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ፣ መጠጣት የሚችል ሠራተኛ የሚያገኘው አብዛኛው ነገር ውኃ ነው፤ በብርጭቆ ቢጠጣው በቀላሉ ያገኘው ነበር።

ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ብዙ ሕይወት ማዳኑ የማይካድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 በስኮትላንድ የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ ቶማስ ላታ የተባሉ ሐኪም ውኃቸው ተሟጥጦ ሊሞቱ በተቃረቡ ሕሙማን ደም ሥር ውስጥ የጨው ውኃ በመስጠት ሲያነቃቁ ታይተዋል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ሰው ዛሬም በዚሁ ይድናል። ችግሩ ሌላው ሕመምተኛ ሁሉ የደረቀ አለመሆኑ ነው። ኢንፌክሽን በደሙ የተሠራጨበት ሰው የደም ግፊቱ የሚወድቀው ውኃ ስለ ጎደለው ብቻ አይደለም፤ የደም ሥሮቹ ስለ ላሉና ግድግዳቸው ስለ ሳሳ ጭምር ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የተሰጠ አንድ ሊትር የጨው ውኃ አብዛኛው ብዙም ሳይቆይ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሕብረ ሕዋስ ይሰርጋል። ቤተሰብ በጉብኝት ሰዓት የሚያየው የፊት፣ የእጅና የእግር እብጠት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ተመሳሳይ እብጠት በሳንባ፣ በኩላሊትና በአንጀት ውስጥም አለ፤ እርሱ ግን አይታይም።

በዚህ ጉዳይ የሐኪሞችን አስተሳሰብ ካናወጡት ጥናቶች ዋነኛው የተደረገው በጎረቤቶቻችን ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ። ለአንዳንዶቹ የጨው ውኃ፣ ለሌሎቹ አልቡሚን የተባለው የፕሮቲን ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ፤ ሦስተኛው ቡድን ግን ፈጣን ፈሳሽ ሳይሰጠው መደበኛ እንክብካቤ አገኘ። በወቅቱ በብዙ አገሮች መመሪያ ትክክለኛ ይባል የነበረው ፈጣኑ ፈሳሽ ነበር፤ ሦስተኛው ቡድን የተጎዳ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲታተም በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በጨው ውኃው 10.5፣ በአልቡሚኑ 10.6፣ ያለ ፈጣን ፈሳሽ ከቆዩት ግን 7.3 ከመቶ መሆናቸው ታወቀ። ከመቶ ሕፃናት ሦስት ያህሉ የዳኑት ሳይሰጣቸው በመቅረቱ ነው ማለት ነው። በተቅማጥ የደረቁ ሕፃናት በዚህ ጥናት አልተካተቱም፤ ስለዚህ ማንም እናት ለተቅማጥ ፈሳሽ አያስፈልግም ብላ እንዳትረዳው።

ለአዋቂዎች ያለው ምክር መካከለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በክብደቱ ልክ ለአንድ ኪሎ ግራም ቢያንስ 30 ሚሊሊትር እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 1.8 ሊትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መቀጠል ወይስ የደም ሥርን የሚያጠብቀውን ኖርኤፒነፍሪን ቀድሞ መጀመር? በአውሮፓና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የታተሙ፣ እያንዳንዳቸው ከ1,500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች በሁለቱ መንገዶች መካከል በሞት ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ይፈትናል። የሕመምተኛውን እግሮች ከፍ አድርጎ ከእግሩ የሚመለሰው ደም ልብን ያበረታት እንደ ሆነ ያያል፤ ካበረታታት ተጨማሪ ፈሳሽ ሊጠቅም ይችላል፤ ካልሆነ ግን ማፍሰሱ እብጠት ይጨምራል። የፈሳሹ ዓይነትም ይመረጣል። ቀደም ሲል «ይሻላል» ተብሎ ይሰጥ የነበረው ከስታርች የሚሠራ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የስካንዲኔቪያ ጥናት በ90 ቀን 51 ከመቶ ሞት ሲመዘገብበት፣ ተራው የማዕድን ውኃ 43 ከመቶ ተመዝግቦበታል። ውዱ ፈሳሽ ርካሹን ሳይበልጥ ቀረ።

በበጋ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። በኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ባለው ጊዜ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቀኑ 12፡30 እስከ 3፡00፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከ6፡30 እስከ 9፡00፣ በፀሐይ ሥር መሥራት የተከለከለው በሙቀት ምት ምክንያት ነው። ሙቀት የመታውና አእምሮው የተደናገረ ሰው የመጀመሪያ ሕክምናው ከረጢት ፈሳሽ አይደለም፤ ማቀዝቀዝ ነው። ባልደረቦቹ አምቡላንስ ጠርተው ልብሱን አውልቀው በቀዝቃዛ ውኃ ሊነክሩት፣ ካልሆነም በውኃ እያራሱ ሊያራግቡት ይገባል። «ግሉኮስ ወደሚሰቅል ክሊኒክ እንውሰደው» ብለው በሞቀ መኪና የሚያባክኑት ደቂቃ አንጎሉን የሚያቃጥል ደቂቃ ነው። ራሱን ላላወቀ ሰው በአፍ ውኃ መስጠትም ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል አይፈቀድም።

ወደ ውሳኔው እንመለስ። አእምሮው ያልተደናገረ አዋቂ ሕመምተኛ ደም ከመውሰዱ በፊት ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ሕይወትን በሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ግን ሐኪሞች ፊርማ ሳይጠብቁ ይሠራሉ። የሚቀርበው ወረቀት ብዙ ጊዜ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን «ሙዋፈቃ ዐላ ነቅል አድ-ደም» የሚል አርእስት ይኖረዋል። በዚህ ላይ አንድ የተርጓሚ ማስታወሻ ልጨምር። «ነቅል» የሚለውን ቃል ወገኖቻችን አስቀድመው የሚያውቁት «ነቅል ከፋላ» ከሚለው፣ ከአሠሪ ወደ አሠሪ ከመዛወር ነው። በታመመችበት አልጋ ላይ «ነቅል» የሚል ወረቀት የቀረበላት ሴት «ወደ ሌላ ካፊል ሊያዛውሩኝ ነው» ብላ ብትደነግጥ አይገርምም። እዚህ ላይ ቃሉ ደምን ከለጋሽ ወደ ተቀባይ ማስተላለፍ ማለት ነው። ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ሰው አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ አስተርጓሚው ደግሞ የአሠሪው ቤተሰብ ባይሆን ይመረጣል።

በስልክ የሚጠይቁ ዘመዶችም ጥያቄያቸውን ቢለውጡ መልሱ ይለወጣል። «ደም ለምን አልተሰጣትም?» የሚለው ሐኪሙን ወደ መከላከል ይገፋዋል። እየደማች ነው ወይ? ሄሞግሎቢኗ ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬስ? ልቧ ወይም አንጎሏ ችግር አለበት? ስንት ላይ ሲደርስ ደም ትሰጧታላችሁ? ከገባው ፈሳሽ ምን ያህሉ በሽንት ወጣ? እነዚህን የሰማ ሐኪም በአንድ ደቂቃ ይመልሳቸዋል። መልሱም ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አትደማም። ትናንት 7.9 ነበር፣ ዛሬ 7.6 ነው። ልቧ ደኅና ነው። የተሰጣት ፈሳሽ እያበጣት ስለ ነበር ቀንሰን ግፊቷን በመድኃኒት ይዘናል። ማታ እንደገና እንለካዋለን፤ ከ7 በታች ከወረደ አንድ ከረጢት ተዘጋጅቶላታል፤ ከዚያም ለክተን ሁለተኛው ያስፈልግ እንደ ሆነ እንወስናለን።»